ለምርመራ ቀን የተዋስኩት ጎማ

የንባብ ክፍል፦ ዘዳግም 25፥13–16

ዛሬ የማካፍላችሁን ነገር ለመጻፍ ብዙ ጊዜ አመንትቻለሁ። በቤተ ክርስቲያናችን የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ቡድን እመራለሁ፤ ስለ ታማኝነትም ደጋግሜ አስተምሬአለሁ። ስለ ታማኝነት ከሁሉ የከበደኝን ትምህርት የተማርኩት ግን ጋራዥ ውስጥ፣ የተቃጠለ ዘይት የጠጣ መሬት ላይ ቆሜ ነው።

መኪናዬ አሮጌ ቶዮታ ኮሮላ ናት። አሮጌ መኪና ያለው ሰው ወደደም ጠላ ከመካኒክ ጋር መዛመዱ አይቀርም። የእኔን መካኒክ ያገኘሁት ከጥቂት ዓመታት በፊት መኪናዬ ዳገት ስትወጣ መሞቅ በጀመረች ጊዜ ነው። የሙቀት መለኪያው መርፌ ወደ ቀዩ ይጠጋል፤ ዳር ይዤ ስቆም ውሃው እየተንተከተከ ይፈስሳል። መጀመሪያ የወሰድኩበት ጋራዥ ብዙም ሳያዩ «ጓርኒሲዮኑ ተቃጥሏል፤ ቴስታው ወርዶ ቶርኖ ቤት መሄድ አለበት» አሉኝ፤ ቀብድም ጠየቁኝ። የነገሩኝን ዋጋ ሰምቼ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። በማግስቱ አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ቀብድ ከመክፈልህ በፊት ለሌላ ሰው አሳየው» ብሎ ወደ አንድ ትንሽ ጋራዥ ላከኝ።

የጋራዡ ባለቤት በዕድሜ ይበልጠኛል። ሠራተኞቹም ደንበኞቹም «ጋሼ» ነው የሚሉት፤ እኔም እዚህ «ጋሼ» እለዋለሁ፤ ስሙን ግን አልጽፍም። ያን ቀን ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ሻይ አስመጥቶ አስቀመጠኝ። ከዚያ የዘይት መለኪያውን መዝዞ ዘይቱ ከውሃ ጋር ተደባልቆ ወተት መምሰል አለመምሰሉን አየ፤ ደህና ነበር። የራዲያተሩን ክዳን ፈትቶ ሞተሩን አስነሳና ውሃው ውስጥ አረፋ ይወጣ እንደሆነ ተመለከተ፤ አልወጣም። በመጨረሻ የክዳኑን ላስቲክ በአውራ ጣቱ ዳሰሰው፤ ተሰነጣጥቋል። «ችግርህ ይቺ ናት» አለኝ።

እንዲህ ያለች ትንሽ ዕቃ መኪና ታቆማለች ብዬ አላሰብኩም ነበር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ በመሆኗ እዚህ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ የሞተር ሙቀት ደግሞ ሞተሩ ጤነኛ በሆነ ጊዜም ወደ 90 ዲግሪ ይደርሳል። ውሃው ሳይፈላ የሚቆየው ክዳኑ ግፊቱን አምቆ ስለሚይዝለት ነው። ክዳኑ ካልያዘ ይፈላል፤ ይፈስሳል፤ ሞተሩም ይነድዳል። ጋሼ ልጅ ልኮ ከሶማሌ ተራ አዲስ ክዳን አስመጣ፤ የእጅ ሥራውን ዋጋ ስጠይቀው ደግሞ የምሳ ዋጋ እንኳ የማይሆን ነገር ጠራልኝ። አሮጌውን ክዳን በፌስታል አድርጎ ሰጠኝና «የወጣውን ዕቃ ሁልጊዜ ተቀበል። ባታስፈልግህም ተቀበል» አለኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ጋራዥ አልሄድኩም። ጋሼ ገና የሚሠራ ዕቃ አይቀይርም። «ይሄ የፍሬን ሸራ እስከ ፋሲካ ይወስድሃል፤ ገንዘብህን ያዝ» ይለኛል። ያልተነጋገርንበት ነገር ካገኘ ሳይነካው በፊት ይደውላል። ቤተ ክርስቲያን መሄድ ካቆመ ረጅም ጊዜ ሆኖታል፤ እኔን ሲያየኝ ግን «ጴንጤው መጣ!» ብሎ ይስቃል። ቅዳሜ ቅዳሜ መኪናዬን ሰበብ አድርጌ እየሄድኩ ወንጌልን መሰከርኩለት። ሁለት ዓመት ሙሉ ሰማኝ። ሰው በራሱ ጽድቅ በእግዚአብሔር ፊት መቆም እንደማይችል፣ የምንድነው በክርስቶስ ጽድቅ እንደሆነ ነገርኩት። ከመኪና ሥር ተኝቶ እየሠራ ከባድ ከባድ ጥያቄ ይጠይቀኛል። በቤት ስሙን ይዘን እንጸልይለት ነበር።

ከዚያ የቦሎ ጊዜ ደረሰ።

ሐምሌ ነበር። ጋሼ መኪናዋን ለዓመታዊ ምርመራ ሲያዘጋጅ ፍሬኑን አስተካከለ፤ መብራቱን አየ፤ ከዚያ ክሪኩ ላይ እንዳለች የፊት ጎማዋን በእጁ አሽከረከረና ጠራኝ። «ና እይ። ጥርሱ መካከል ትንንሽ ጉብታ ታያለህ? ጥርሱ ከእነዚህ ጋር እኩል ከሆነ ጎማው አልቋል ማለት ነው። ያንተ አልፎታል።» አራቱም ያው ነበሩ። በብዙ አገሮች ዝቅተኛ ተብሎ የሚወሰደው የጎማ ጥርስ ጥልቀት 1.6 ሚሊ ሜትር ነው፤ የእኔ ጎማዎች ግን በመዳፍ ሲዳሰሱ እንደ ብርጭቆ ያንሸራትቱ ነበር። የአራት ጎማ ዋጋ ጠየቅሁ። ለልጆቼ የትምህርት ቤት ምዝገባ ያስቀመጥኩትን ገንዘብ ጠራርጎ የሚወስድ ነበር።

ግቢው ጥግ ላይ መለዋወጫ የምትጠብቅ የሌላ ደንበኛ መኪና ቆማለች። ጎማዎቿ አዲስ ናቸው፤ ቸርኬያቸውም ከእኔዋ ጋር ልክ ነው። ቃሉ ከማን አፍ እንደወጣ እንዳይጠፋችሁ፦ ከእኔ አፍ ነው የወጣው። «ጋሼ፣ የዚያችን ጎማ ለግማሽ ቀን ብንዋሳትስ?» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። ትንሽ ዝም አለ። «አንተ ካልክ…» አለና ለረዳቱ የጎማ መፍቻውን እንዲያመጣ ነገረው።

በማግስቱ ምርመራ ማዕከሉ ሄድኩ። ፍሬኑን በማሽን ለኩ፤ ጉድጓድ ውስጥ ገብተው ከሥር አዩ፤ የፊት መብራቱን፣ የጭሱን መጠን መረመሩ፤ ጎማውን ዞረው ተመለከቱ። አለፈች። ወረቀቱን ስቀበል «ጌታ ይመስገን!» አልኩ፤ ከልቤ ነበር ያልኩት። ቦሎዬን አደስኩና የፊት መስታወቱ ላይ ለጥፌ ጎማውን ለመመለስ ወደ ጋራዥ ተመለስኩ።

ጋሼ ዳዶዎቹን እየፈታ እንዲህ አለኝ፦ «አንተው አይደለህ ሰው በራሱ ጽድቅ አያልፍም፣ በሌላ ሰው ጽድቅ ነው የሚያልፈው ያልከኝ? በል፣ ዛሬ ገባኝ። በሌላ ሰው ጎማ አለፍክ!»

ረዳቱ ሳቀ፤ ጋሼ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ዛሬ ሳስበው ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ያ ሳቄ ነው። የሁለት ዓመት ምስክርነቴን በግማሽ ቀን ሸጬ ከሻጩም ከገዢውም ጋር አብሬ ሳቅሁ።

በቀጣዮቹ ሳምንታት ራሴን ለማሳመን የተናገርኩት ነገር ብዙ ነው። «ማንንም አልጎዳሁም፤ ጎማው አላለቀበትም፤ ብዙ ሰው እኮ ያደርገዋል፤ ገንዘብ ሲገኝ እገዛለሁ።» መንፈስ ቅዱስ ሲወቅሰኝ ወቀሳውን «የሰይጣን ክስ ነው» ብዬ ገሠጽኩት። እስቲ አስቡት! የሙቀት መለኪያው መርፌ ቀዩን ሲነካ መርፌውን እንደ መስበር ነው።

ነሐሴ ውስጥ አንድ ቅዳሜ ከሁለት ወንድሞች ጋር እንጦጦ ጫካ ውስጥ ስንጸልይ ውለን ወደ ሽሮ ሜዳ ቁልቁል እየወረድን ነበር። ዝናቡ ይወርዳል፤ አስፋልቱ ላይ ውሃ እየተንኳለለ ነው። ወንድሞች እየዘመሩ ነበር። አንድ ጠመዝማዛ ላይ፣ በጀርባቸው የባሕር ዛፍ ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱ እናት ከፊቴ ታዩኝ። ፍሬን ያዝኩ። ፍሬኑ ያዘ፤ ጎማው ግን መሬቱን አልያዘም። የጎማ ጥርስ የሚያገለግለው ከሥሩ ያለውን ውሃ ወደ ጎን እየጠረገ ላስቲኩ አስፋልቱን እንዲነካ ለማድረግ ነው፤ ጥርስ የሌለው ጎማ ግን ውሃ ላይ ይንሳፈፋል። መኪናዋ ተሽከርካሪ መሆኗ ቀርቶ እንደ በረዶ ተንሸራተተች። መሪውን ወደ ቀኝ ጠመዘዝኩ፤ ከመንገዱ ጠርዝ ድንጋይ ጋር ተጋጨንና ቆምን። እናት ሸክማቸውን ጥለው ወደ ዳር ዘልለዋል።

ወርጄ ሮጥኩ። «እማማ፣ ተጎዱ?»

«አልተጎዳሁም ልጄ፣ እግዜር ይመስገን። እናንተስ ተረፋችሁ?» አሉኝ።

ጭራሮውን ከጭቃው ለቅመን አሰርንላቸውና ተሸክመው ሄዱ። መርቀውኝ ነው የሄዱት። ወደ መኪናዋ ስመለስ ዓይኔ የፊት መስታወቱ ላይ አረፈ። ቦሎው እዚያው አለ፤ ዝናቡ በላዩ ይወርዳል። ይህች መኪና ለመንገድ ብቁ ናት ብሎ ለዚያች እናት የሚመሰክር ወረቀት ነው። ያንን የሐሰት ምስክር የለጠፍኩት እኔ ነኝ፤ ለጥፌም «ጌታ ይመስገን» ብያለሁ።

ያን ማታ ዘዳግም 25ን አነበብኩ። እግዚአብሔር ሕዝቡን በከረጢታቸው አንድ ከባድ አንድ ቀላል፣ ሁለት ዓይነት መመዘኛ እንዳይይዙ ያዘዛቸው እዚያ ነው። ብዙ ጊዜ ይህን ክፍል የማነበው ስለ ነጋዴዎች ነበር። ያን ማታ ከረጢቱ የእኔ እንደሆነ አየሁ፦ አንድ ጎማ ለምርመራ፣ ሌላ ጎማ ለመንገድ፤ አንድ ቋንቋ ለእሑድ፣ ሌላ ቋንቋ ለጋራዥ። በመዝሙር 139 መጨረሻ ላይ ዳዊት እግዚአብሔርን «መርምረኝ» ብሎ ይለምናል። እኔ ግን በተዋስኩት ነገር ልመረመር የምወድ ሰው ሆኜ ነበር።

ማልቀስ ቀላል ነበር። ከዚያ በኋላ ያለው ነው የከበደው።

በመጀመሪያ መኪናዋን አቆምኳት። ለባለቤቴ ሁሉን ነገርኳት፤ ከምዝገባው ገንዘብ ላይ ከፍለን፣ የቀረውንም ከዘመድ ተበድረን አራት ጎማ ገዛን። እስክንገዛ ድረስ በታክሲ ተመላለስኩ። ለእነዚያ ሁለት ወንድሞችም ሕይወታቸውን በምን ጎማ ላይ እንደጫንኩት ነገርኳቸው።

ከዚያ ያለ መኪና ጋሼ ጋር ሄድኩ። «ጋሼ፣ ይቅርታ ልጠይቅህ ነው የመጣሁት» አልኩት።

«ስለ ምን?»

«ስለ ጎማው። ወንጌል እየነገርኩህ ዋሸሁ። ከዚያም ይብሳል፤ አንተ ሐቀኛ ሰው ነህ፤ አምኖህ መኪናውን ያቆመውን ሰው እንድታታልል ያደረግሁህ እኔ ነኝ። ለባለ መኪናው ልነግረው እፈልጋለሁ። ነገሩ አንተንም ስለሚነካ ግን ሳትፈቅድልኝ አልናገርም።»

እጁን በጨርቅ ሲጠርግ ቆየና «አስብበታለሁ» አለኝ። ከሳምንት በኋላ ደወለ። «ሰውየው ዛሬ ይመጣል። ና ንገረው። እኔንም ሲከነክነኝ ነው የሰነበተው።»

ነገርኩት። የተጠቀምኩበትንም ልክፈል አልኩ። ሰውየው ገንዘቡን አልተቀበለም፤ እኔንም ብዙ አልተቆጣኝም። የተቆጣው ጋሼን ነው። «አምኜህ ነበር እኮ» አለው። መኪናው ተሠርቶ ሲያልቅ ሒሳቡን ከፍሎ ወሰደ፤ ተመልሶም አልመጣም። ጋሼ በእኔ ኃጢአት የቆየ ደንበኛውን አጣ። ይህን የምጽፈው ይቅርታ መጠየቅ ሁሉን ነገር ወደ ነበረበት ይመልሳል ብላችሁ እንዳታስቡ ነው። ጌታ ይቅር ይላል፤ የሰበርነው የሰው እምነት ግን አንዳንዴ ተሰብሮ ይቀራል።

ለጋሼ ጥያቄ መልስ መስጠት የቻልኩት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ያን ቀን እየሳቀ የተናገረው ቀልድ ከባድ ጥያቄ ነበር፤ እናንተም መካከል ይህን የምትጠይቁ ትኖራላችሁ። በሌላ ሰው ጽድቅ ማለፍ በተዋሱት ጎማ ከማለፍ በምን ይለያል?

ጋሼን እንዲህ አልኩት፦ «የዚያች መኪና ባለቤት አላወቀም፤ ክርስቶስ ግን ዐውቆና ወድዶ ራሱን ሰጠ። እኔ ምንም ሳልከፍል መርማሪውን አታለልኩ፤ መስቀሉ ላይ ግን ዕዳው በሙሉ ተከፍሏል፤ እግዚአብሔር አልተታለለም። እኔ ጎማውን በዚያው ቀን መለስኩ፤ ክርስቶስ የሰጠኝን መልስ አይለኝም። ደግሞም እኔ ምርመራውን ካለፍኩ በኋላ ወደ ላሸቀው ጎማዬ ተመለስኩ። ክርስቶስ ግን አሳልፎኝ ሲያበቃ በአሮጌው እንድነዳ አይተወኝም፤ እኔኑ መለወጥ ይጀምራል።» ጳውሎስ በሮሜ 6 ጸጋ እንዲበዛ በኃጢአት እንቆይ ወይ ብሎ ጠይቆ አጥብቆ የሚክደው ለዚህ ነው። ጸጋን ለምርመራ ቀን ብቻ የሚፈልግ ሰው ጸጋን ገና አላወቀውም።

ጋሼ ምንም አልመለሰም። «መፍቻውን አቀብለኝ» አለኝ፤ አቀበልኩት።

ወገኖች፣ ስለ ጋራዥ ስናወራ ብዙ ጊዜ የምናወራው እንዴት እንደተበላን ነው። እውነት ነው፣ የሚያታልል አለ፤ ጥንቃቄም ያስፈልጋል። ሥራው ከመጀመሩ በፊት ዋጋውን ተስማሙ፤ ከተቻለ በጽሑፍ ይሁን። የወጣውን ዕቃ ተቀበሉ። ትልቅ ሥራ ነው ከተባላችሁ ሁለተኛ መካኒክ ጠይቁ። የሞቀ ራዲያተር አትክፈቱ። ጎማችሁንም ለቦሎ ብቻ ብላችሁ ሳይሆን በየወሩ ጎንበስ ብላችሁ እዩት፤ እነዚያ ትንንሽ ጉብታዎች ለማንም አያዳሉም።

የራሳችንንም ከረጢት ግን እንክፈተው። ለመሥሪያ ቤት የምናቀርበው ደረሰኝ ላይ «ትንሽ ጨምረህ ጻፍልኝ» የምንለው እኛ አይደለንም ወይ? መኪና ልንሸጥ ስንል ኪሎ ሜትሩን የምናስመልስ፣ የሚያጨሰውን ሞተር ለገዢ ቀን ብቻ የምናስተካክል? ምሳሌ 20፥14 ሲገዛ ዕቃውን እያጣጣለ፣ ገዝቶ ሲሄድ የሚኩራራውን ሰው ያሳየናል፤ ብዙዎቻችን መካኒኩን የምንከራከረው እንደዚያ ነው። «ርካሹን ግጠምልኝ» ብለን ዕቃው ሲበላሽ «ሌባ» እንላለን። የሠራተኛውን ዋጋ «ነገ» እያልን እናቆያለን። በእጁ ያለው ጥቁር ዘይት ይታየናል፤ እሱ ግን የእኛን ነገር ከመኪናችን ሥር ተኝቶ ያያል። መካኒክ የመኪናችንን ውስጥ እንደሚያውቅ የምስክርነታችንንም ውስጥ ያውቃል።

ሰው የበደለ ካለ፣ በማቴዎስ 5 ጌታችን እንዳስተማረው መባውን በመሠዊያው ፊት ትቶ መጀመሪያ ከወንድሙ ጋር ይታረቅ። ምናልባት የእናንተ መሠዊያ መንገድ በአንድ ጋራዥ፣ በአንድ ሱቅ ወይም በአንድ ቢሮ በኩል ያልፍ ይሆናል።

በዚህ ዓመት ለምርመራ የሄድኩት በራሴ ጎማ ነው። ከመሄዴ በፊት ጋሼ ጎንበስ ብሎ ጥርሱን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው፤ እንደዚያ ቀን የራዲያተር ክዳን። «ይሄስ የራስህ ነው» አለኝ። ከዚያ ቀና ሳይል ጨመረ፦ «ያን ጊዜ መጥተህ የነገርከኝ… ንስሐ የምትሉት እሱ ነው?»

«እሱ ነው ጋሼ» አልኩት። «እሱ ነው።»

እስካሁን ቤተ ክርስቲያን አልመጣም። ስሙን ይዘን መጸለያችንን ግን አላቆምንም፤ እናንተም አብራችሁን ጸልዩ። ጌታ ስሙን ያውቀዋል።

እንጸልይ፦ አባት ሆይ፣ በከረጢታችን የደበቅነውን ሁለተኛ መመዘኛ አንተ ታየዋለህ። በተዋስነው ነገር ሳይሆን በእውነት መርምረን። የበደልናቸውን ሰዎች አሳስበን፤ ሄደን የምንናገርበትንም ጉልበት ስጠን። በእኛ ምክንያት ከአንተ የራቁትን አንተ ራስህ አቅርባቸው። በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፣ አሜን።

ጌታ ይባርካችሁ።